የሳቀ ኬብል ይሸከማል

«ዕቃ እግር የለውም!» አለ ኮሜዲያኑ፣ ትልቁን መዶሻ፣ መጋዙንና ትንሹን መዶሻ በአናጢው ጠረጴዛ ላይ በተራ ካሰለፈ በኋላ። «በራሱ ተነሥቶ አልሄደም። እርሳሴን ማን ወሰደው?»

እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ከካሜራው ጀርባ የቆሙት ዘጠኝ ሰዎች ያዩታል፤ ፈላጊው ብቻ አላየውም። ካሜራማኑ ከንፈሩን ነክሷል። «ጆሮ» የሚሏት የድምፅ ባለሙያ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። ማንም ትንፍሽ አይልም፤ በኮሜዲያኑ ፊልም ላይ አንድ ሕግ አለና። ቀረጻ እየተካሄደ የሳቀ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲሸከም ይውላል። ስንት ስመ ጥር ተዋናይ ተሸክሟል፤ ባለፈው ፊልም ፕሮዲዩሰሩ ራሱ ከነሱፍ ልብሱ ተሸክሟል።

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ከንፈር መንከስም አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነው። የኮሜዲያኑ አባት ናቸው፤ የአናጢ ቤቱም የሳቸው ነው። የመጡት ልጃቸውን ሊያዩ አይደለም፤ «መሣሪያዬን እንዳታበላሹብኝ» ብለው ሊጠብቁ ነው።

ኮሜዲያኑ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስቅ ኖሯል። ከትምህርት ቤት መድረክ ተነሥቶ አዳራሽ ሞላ፤ ከዚያም ራሱ የጻፋቸውን፣ ራሱ ያዘጋጃቸውን፣ ራሱም እየተንከባለለ የሚወድቅባቸውን አሥራ አንድ ፊልሞች ሠራ። መንገድ ላይ ሰው ገና ሳይናገር ይስቅለታል። አባቱ ግን አንዱንም አላዩም። በሃያ ዓመቱ የአናጢነቱን ሥራ ትቶ መድረክ ሲወጣ «በሳቅ ጎጆ አይቆምም! ደግሞስ ማን ይቀጥርሃል?» ብለውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው አንሥተው አያውቁም። አሁን ደግሞ፣ ድፍረቱ አይጣል፣ የሚጫወተው እሳቸውን ነው፤ የሳቸውን ቱታ ለብሶ፣ በሳቸው ፊት፣ በገዛ ቤታቸው። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ቢቀየሙት መቼ ሊታረቁ ነው?

«አንተ!» ልጁን እንደሚቆጣ አባት ወደ ትልቁ መዶሻ ዞረ። «አንድ ታላቅ ብለን ብንወልድ! አንቺስ?» መጋዟን አፈጠጠባት። «ጥርስሽን አታሳዪኝ!»

ቀጥሎ በድርሰቱ መሠረት እርሳሱን ፍለጋ ጠረጴዛውን መፈታታት ነበረበት። ግን ትንሹ መዶሻ ፊት ሲደርስ ቆም አለ። «አንተ ውርጋጥ፣ ዓይኔን እያየህ መልስ። ምን ያስቅሃል?» ብሎ ጠረጴዛውን ዞረና ትንሹ መዶሻ ራሱ ሆነ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ አንገቱን ሰበረ፣ የሸሚዙን ኮሌታ በጥርሱ ያዘ። ከዚያ ዓይኑ ሰረቅ ብሎ ወደ አባቱ ጆሮ ሄደ። ወለሉን አየ። ደግሞ ጆሯቸውን አየ። ኮሌታውን አጥብቆ ነከሰ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣና ጆሯቸውን ዳሰሰ። እርሳሳቸው እዚያ ነበረ።

መጀመሪያ ሳል መሰለ። ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ ያ ጠባብ ቤት እስኪሞላ ድረስ ወጣ። ሆዳቸውን ይዘው፣ በርጩማውን እያንቋቁ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ሳቁ።

«ታውቁ ነበር?» አሉ ትንፋሻቸውን ሲያገኙ። «ያን ሁሉ ዘመን አሰልፌ ስመረምራችሁ ታውቁ ነበር?»

«ሦስታችንም እናውቅ ነበር፣ አባባ። እንዳንስቅ ኮሌታችንን እንነክስ ነበር።» «ሥራዬን የተማርኩት እዚያ ነው። ከእርስዎ።»

«ኪሳችሁን ሁሉ ሳስገለብጥ!» አሉና እንደገና ተንከተከቱ።

«ጋሼ፣ ሳቃቸው ገብቷል፤ ቀረጻው ተበላሸ» አለች ጆሮ ሻርፗን ከአፏ አውጥታ።

«ገባ? እንዳታጠፊው! ለብቻው አስቀምጪልኝ።» በሠላሳ ዓመት ሙያው በተበላሸ ቀረጻ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ዘጠኙም ሰዎች አንዴ ሽማግሌውን ያያሉ፣ አንዴ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?»

«ሕግ አለን፣ አባባ» አለ ካሜራማኑ እየፈራ። «ቀረጻ ላይ የሳቀ ኬብል ይሸከማል።»

«እርስዎን አይመለከትም» አለ ኮሜዲያኑ ቶሎ ብሎ።

«ለምን አይመለከተኝም? በገዛ ቤቴ ሕግ ልታፈርስብኝ ነው?» ብድግ አሉ። መብራቱ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ መዞር ስለነበረበት ከመኪናው ተጨማሪ ኬብል ይፈለግ ነበር። ልጃቸው ቀለል ያለውን ሊመርጥላቸው ቢል ገላምጠውት ብቻቸውን ወጡ።

«ውይ፣ አባባ! በዚህ ዕድሜዎ ምን ሆነው ነው?» የሚለው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

«አታይም እንዴ? ሥራ ላይ ነኝ» አሉ አባትየው፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ልጄ ቀጥሮኝ ነው!»

ኮሜዲያኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን በቱታው እጅጌ ጠረገ። ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ አደላደለ፣ መሣሪያዎቹን እንደገና አሰለፈ፣ «እንደግማለን!» አለ።

«ዕቃ እግር የለውም!»

ቀና ሲል አባቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ወፍራሙን ጥቅል ኬብል ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ኮሌታቸውን በጥርሳቸው ይዘዋል።