ያልተሻገሩት ሽቦዎች

ሰኞ ጠዋት ነው፤ በጥገና ክፍሉ አራት ሆነን ኮምፒውተሩን ከበናል፤ አባባ፣ ኢንጂነር የሆነችው ታላቅ እህቴ፣ ኃላፊያችንና እኔ። ኃላፊያችንን ቶሎ ስለሚቃጠል በሌለበት «ፊውዝ» እንለዋለን።

ባለፈው ወር አባባ የጠመጠመው ትራንስፎርመር ተመልሶብናል። ይሠራል፤ ግን ያለ ልክ ይግላል። መብራት መሆን የነበረበት ኃይል ሙቀት ሆኖ እየባከነ ነው። ጥፋቱ ከመሃሉ ብረት ይሁን በላዩ ከተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ እንድትለይልን እህቴ ትራንስፎርመሩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ አስመስላ ሠርታዋለች።

ብረቱ ከፋብሪካ የመጣ ነው። መዳቡ የአባባ እጅ ነው። ያን ሳምንት እኔ ታምሜ ስለነበር ብቻውን ነው የጠመጠመው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አባባ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፉን ይፈልጋል። እኔና እህቴ «እርጅና ነው» እንባባላለን እንጂ ዓይን ለዓይን አንተያይም። አሁንም ስክሪኑን እያየሁ «ብረቱ ይሁን፣ ብረቱ ይሁን» እላለሁ በሆዴ።

«ብረቱ ደህና ነው» ትላለች እህቴ ቀስ ብላ።

«መዳቡ ነዋ!» ይላል ፊውዝ። ወዲያው አባባን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ማለቴ... ይታያላ፣ ጋሼ።»

«ይታይ እንጂ! እስቲ አሳይኝ ልጄ» ይላል አባባ ወንበሩን እየሳበ። «የኔ እጅ የማይገባበት ሁሉ ያንቺ ማሽን ይገባል አሉ።»

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጠምጥመዋል። መሃል ላይ ሲደርሱ ተሻግረው ቦታ ይለዋወጣሉ። ካልተሻገሩ ሸክሙን እኩል አይካፈሉም፤ ይግላሉ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያስተማረኝ አባባ ነው። «አንድ አልጋ ላይ እንደተኙ ወንድማማቾች ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ቦታ ካልተለዋወጡ ይራገጣሉ» ብሎኝ ስቆ ነበር።

እህቴ ታየኛለች። ከዚያ መሻገሪያውን ከሥዕሉ ላይ ታጠፋና ማሽኑን እንደገና ታስኬደዋለች።

ስክሪኑ ላይ ጥቅሉ ከላይ ጀምሮ በሙቀት ቀይ ይሆናል። ከሥሩ የሚወጣው የሙቀት ቁጥር እኛ በመለኪያ ካገኘነው ጋር አንድ ነው። እህቴ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ሥር ትደብቀዋለች።

አባባ ጎንበስ ይልና ጣቱን ቀዩ ላይ ያሳርፋል። ግንባሩ ይቋጠራል።

«መሻገሪያ የለውም እኮ! ማነው ይሄን የጠመጠመው?»

ፊውዝ አፉን ይከፍታል። እህቴን ያያል። በሁሉ ነገር የሚቃጠለው ሰውዬ አፉን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

«እየጠየቅኩ እኮ ነው! ይሄን የሚረሳ ሰው ሁለተኛ ሽቦ እንዳይነካ። እኔ ባለሁበት ቤት!»

«እኔ ነኝ አባባ» እላለሁ።

ዞሮ ያየኛል። ቁጣው ከፊቱ ላይ ይወርዳል። እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል።

«አንተ ነህ እንዴ? በል አይዞህ። የማይሳሳት የሚተኛ ነው። ና ላሳይህ።»

ከቱታው ኪስ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ያወጣል። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያጋድማቸውና መሃላቸው ላይ አንዱን በሌላው ያሻግራል። ጣቶቹ አንድም ቦታ አይሳሳቱም።

«አንድ አልጋ ላይ እንደተኙ ወንድማማቾች ናቸው» ይለኛል፤ ዛሬ ገና እንደሚነግረኝ ሁሉ ይስቃል። «ገባህ?»

«ገባኝ አባባ።»

እህቴ ስክሪኑን ታጠፋለች።

ከሰዓት በኋላ እሷ አባባን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እኔ ትራንስፎርመሩን ከፍቼ ጥቅሉን መፍታት ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ስደርስ ሁለቱ ሽቦዎች ሳይሻገሩ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር።