ብዙነህ ያልቀመሰው አታካና

«እማ... አልበላም።»

ብዙነህ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

በመስቀል ቀን፣ ሆሳዕና አካባቢ ባለችው ሞርሲቶ ውስጥ፣ እናቱ ፊት እንዲህ የሚል ልጅ ማን አይቶ ያውቃል?

እናቱ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው አታካና ሳህኑ ላይ ያብለጨልጫል። ቅቤው የዊጆ ነበር... ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተራ በተራ እያዋጣች፣ ለዚህች ቀን ብላ ያጠራቀመችው።

«አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ልጄ።»

«አንድም አልችልም፣ እማ።»

የአጎቱ ልጅ ሚክያስ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ዳይት ጀምሯል አክስቴ! አስተማሪው ብዙነህ ሊሞሸር ነው መሰለኝ!»

«ዳይት በመስቀል ይጀመራል እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው ሀኒ። «ሎሚ በሞቀ ውኃ ጠጣበት እንጂ፣ አታካና ምን አደረገህ?»

«ሎሚ ይሄን ቦርጭ? አሁን እኮ አዲስ አበባ ጨጓራን በኦፕራሲዮን ያሳንሱታል። ተኝቶ መክሳት እያለ ምን ያስርበዋል?» አለ ሚክያስ።

ሁሉም ሳቀ። ብዙነህም አብሮ ፈገግ አለ።

እናቱ ግን አልሳቀችም። ካሏት ሁለት ልጆች አንዷ፣ ሳባ፣ በዓሉ ላይ የለችም። ኩላሊቷ ታሞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ደሟ በማሽን ይታጠባል።

«እህትህ እዚያ ተኝታ...» አለችው ቀስ ብላ፣ «አንተ እዚህ ሰውነት ታሳምራለህ?»

ብዙነህ አንገቱን ደፋ።



ከዚያ በኋላ ደግሞ ሩጫው መጣ...

ጎህ ሲቀድ እናት እንሰቱ መሐል ቆማ ታየዋለች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መጀመሪያ ኮቴው ይሰማል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይልና... ተመልሶ ይገባበታል።

ከጉሙ የሚወጣው ልጅ በየጊዜው እያነሰ ሄደ።

ሸሚዙ ሰፋው። ጉንጩ ገባ።

ገበያ ላይ ሴቶቹ «ልጅሽን አመመው እንዴ?» ይሏታል። እሷን የሚያሳዝናት ግን ሌላ ነው... የእናቱ እጅ ያስጠላው ይመስላታል።

በሕልሟም ያው ጉም ነው። ብዙነህ በእንሰት ቅጠሎች መሐል ይሄዳል። ከመቅጠኑ የተነሳ ብርሃን በውስጡ ያልፋል። በሁለት መዳፉ አንድ ነገር አቅፏል... እሳት ወደጠፋበት ቤት እንደሚወሰድ ፍም። እንዳይከስምበት ቀስ ብሎ እፍ ይለዋል።

ትጠራዋለች።

አይዞርም።

በበልግ «ለሥልጠና ነው» ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሰንብቶ ሲመለስ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር።

ሸሚዝ ሲቀይር ጠባሳውን አየችው።

«ሚክያስ ያለው እውነት ነው? ጭራሽ ቢላዋ አስገባህ?»

ብዙነህ ሸሚዙን ቶሎ ቆለፈ።

«ለመክሳት ብለህ... እኔ የወለድኩትን ገላ አስቆረጥክ?»

«ይቅር በይኝ እማ» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም።

ያን ቀን ወተት አላቀረበችለትም። እሱም አልጠየቀም።

የሳባ ድምፅ ግን በስልክ እየበረታ መጣ። እናት ጸሎቷ እንደተሰማ ቆጠረችውና አምላኳን አመሰገነች።

መስቀል ዞሮ ደረሰ።

ከሆሳዕና የመጣው ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆመ። ሳባ ወረደች። ማንም ሳይደግፋት፣ በገዛ እግሯ ግቢውን አቋርጣ ገባች።

እናት አቅፋ መልቀቅ አቃታት።

«ማሽኑስ?»

«ቀረ፣ እማ።»

«ማን አዳነሽ?»

ሳባ የእናቷን እጅ ያዘች። መጀመሪያ የራሷ ሆድ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወስዳ ወንድሟ ጎን ላይ አስቀመጠችው... እዚያው ጠባሳው ላይ።

«አንዱ ኩላሊቱ እኔ ጋ ነው።»

ሚክያስ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠ።

«ሐኪሞቹ በዚያ ክብደቱ ሊቀበሉት አልፈለጉም፤ ለራሱም ያሰጋዋል ብለው» አለች ሳባ። «'ቀንሰህ ና' አሉት። ያን ሁሉ የሮጠው... ለእኔ ነበር።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«የእሷ ጭንቀት ብቻውን እንቅልፍ ነስቶሽ ነበር። የእኔን እንዴት ልጨምርብሽ?»

«እሺ አንድ ማንኪያስ? አንድ ማንኪያ ምን ያደርግህ ነበር?»

ብዙነህ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላው።

«አንዷን ከቀመስኩ... የአንቺን እጅ ከማጉረስ ማስቆም እችላለሁ እንዴ?»

እናት ሕልሟ ትዝ አላት። ጉሙ... ቅጠሉ... በመዳፉ ያቀፈው ፍም። ፍሙ የደረሰበት ቤት፣ ሳባ፣ ይኸው ፊቷ ተቀምጣ ትስቃለች።

አታካናውን ሳብ አደረገች።

«አሁንስ ምን ያህል ተፈቀደልህ?»

«ትንሽ። ባንድ ኩላሊት መጠንቀቅ አለብኝ።»

በማንኪያ ቀነስ አድርጋ በገዛ እጇ አጎረሰችው።

ከዚያም ሳህኑን ራሷ ከደነችው።

ወዳጆቼ... ዳይት፣ ስፖርት ወይስ ኦፕራሲዮን፣ ለማን የትኛው እንደሚሻል የሚያውቀው ሐኪም ነው። እኔ ልናገር የምችለው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፦ የሰው ገላ ሲከሳም ሲወፍርም ለዓይናችን ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አይታይም። ከመሳቃችን በፊት ቀስ ብለን እንጠይቅ።

እናንተ በብዙነህ ቦታ ብትሆኑ ለእናታችሁ ትነግሯት ነበር... ወይስ እንደሱ ዝም ትሉ ነበር? እስኪ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።