የስምንት ሰው ምራቅ

ቡሹ ከጥበቃው አፍ ወጥቶ አስተናጋጁ አፍ ገባ። መጥረግ የለ፣ ማጠብ የለ። ልብስ ተኳሿ ዓይኗን ከቡሹ ላይ ነቀለች።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ከወይን ጠርሙስ የወጣ አንድ ቡሽ፣ ለስምንት የሆቴል ሠራተኛ። ጠቁሯል፤ ጫፉ ተነክሶ ተነክሶ እንደ ሻገተ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ሽታውማ አይነሣ። በምሳ ሰዓት መተኮሻ ክፍል ውስጥ፣ የአንሶላ ክምር መሃል ክብ ሠርተው ይቀመጡና ከአፍ ወደ አፍ ያዞሩታል።

ጥርስ መሃል ይዛችሁ ካነበባችሁ ምላስ ይፈታል የሚለው ቲቸር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ያመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ከምላስ ሌላ ወሬ ስለማያውቅ ከጀርባው ሚስተር ምላስ ይሉታል። ምላስህን አውጣ፣ ምላስሽን መልሺ፣ በጥርስህ ንካው። ፊት ለፊት ግን ማን ደፍሮ? ዛሬ ከመሃላቸው አንድ ሰው ለሪሴፕሽን የሚመርጠው እሱ ነዋ።

ተኳሿ ደግሞ ያንን ቦታ እንዴት እንደምትፈልገው ምን ልበላችሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የካውያው እንፋሎት ፊቷን ገርፏታል። ስለዚህ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና የሰው ለሃጭ ትነክሳለች፣ ታነባለች፣ ከዚያ ወጥታ ትተፋለች። ሌሎቹም አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ዛሬ ግን ዘጠነኛ ሰው ተጨምሯል፤ ሽንት ቤት የምታጸዳው ማዘር። እንግዳ ሲያናግራት ዝም አለች ተብሎ ነው ትማር የተባለው። መጥታ በአስተናጋጁና በተኳሿ መሃል ቁጭ አለች።

ማዘር የተኳሿ አክስት ናት። ከሁለቱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ከጡት ካስጣሏት ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ፣ እዚህ ሥራ ያስገባቻት እሷ፣ ዝምድናው ይደበቅ ያለችውም እሷው ናት። «የሽንት ቤት ጠራጊ ዘመድ ማን ደጁ ላይ ያቆማል? እስክታልፊ ድረስ አታውቂኝም» አለቻት። እና ተኳሿ ቤት ውስጥ አንቺ የምትላትን ሴት፣ እዚህ እንደ ሁሉም ሰው እርስዎ ትላታለች።

ማዘር ቡሹን ከመቀበሏ በፊት ጥያቄ ጠየቀች። በእንግሊዝኛ አንድ ሰው ሲሠራ ግሡ ጫፍ ላይ «ስ» ይጨመራል፣ ብዙ ሰው ሲሠራ ይነሣል፤ የሚጨመረው ሰው ሲበዛ መሆን አልነበረበትም ወይ? ቲቸር ሳቀ። ሕግ ነው ማዘር፣ ሕግ አይጠየቅም አላት። እሱም እንደማያውቀው ሁሉም ገባቸው።

ከዚያ ቡሹን ነክሳ የእንግዳ መቀበያውን ንባብ ከላይ እስከ ታች አንበለበለችው። ተኳሿ ማታ ማታ ጮክ ብላ ስታጠና ሰምታ ሰምታ ያዘችው እኮ ነው። አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም። ያጨበጨበ ግን የለም።

ማዘር ቡሹን ከአፏ አውጥታ በሻሿ ጫፍ ሦስቴ ጠረገችውና ለቀጣዩ ሰው፣ ለተኳሿ ዘረጋችላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቡሹን የጠረገ ሰው ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አስተናጋጁ ፊቱን አዞረ። ጥበቃው አሁን ትዝ ያለው ይመስል በእጅጌው አፉን ጠረገ። አልጋ አንጣፊዋ ወደ ተኳሿ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «በረኪና ሳታመጪ እንዳትነኪው» አለች፤ ሹክሹክታዋን ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ሳቁ። የእርስ በርስ ምራቃቸውን እንደ ከረሜላ ሲመጥጡ የከረሙት ሰዎች ሳቁ።

ቲቸር የስም ዝርዝሩ ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ ነበር። ደግ ሰው ሆኖ ነው ደግሞ የተናገረው፤ «ተይው፣ ለአንቺ ሌላ አመጣልሻለሁ። ሪሴፕሽን የሚቆም ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት።»

ተኳሿን ቀፈፋት። አሁን የቀፈፋት ቡሹ አይደለም። የአስተናጋጁ የበሰበሰ ጥርስ፣ የቲቸር ደግነት፣ ያ ሁሉ ሳቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የገዛ እጇ። መቼ እንደወሰደችው ሳታውቅ ከጀርባዋ ደብቃው አገኘችው።

የማዘር እጅ እንደተዘረጋ ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚታጠብ፣ ጥፍሩ ከሥሩ የተቆረጠ፣ በረኪና የላጠው እጅ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሱ የጸዳ ነገር የለም፣ የተተኮሱትን አንሶላዎች ጨምሮ። ዓይኗ ደግሞ እየተናገረ ነው። ተኳሿ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና ሰው ቤት ሲሄዱ፣ የቀረበላትን እንዳትቀበል የምትገሥጻት በዚሁ ዓይን ነበር። አትቀበዪ ነው የምትላት።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ሁሉም እሷን ያያል።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ ያንን እጅ ከጀርባችሁ ታመጡት ነበር?