የክላቭዲያ ቦታ

እዚህ ፔተርስበርግ የባሌት ዳንስ የሚማሩት ልጆች ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት፣ ደረቁ ሳንቃ እንዳያንሸራትታቸው ወለሉን በአትክልት ማጠጫ ውሃ የምረጨው እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ልጄ ግላሻ ብቻዋን ነበር የምትለማመደው። በማግስቱ አለቆቹ አይተዋት፣ ከወደዷት፣ ባለፈው ክረምት የሞተችውን የዳንሰኛዋን የክላቭዲያን ቦታ ይሰጧታል። ክላቭዲያ እዚሁ አዳራሽ፣ ይህንኑ ዳንስ ስትለማመድ ነው ወድቃ የቀረችው። ስለዚህ እጄ አላርፍ ብሎ ደጋግሜ ረጨሁ።

"እትዬ ማትቬየቭና፣ ዓሣ ልታረቢ ነው እንዴ?" አለኝ ቫዮሊን የሚጫወትላቸው ሽማግሌው ፖርፊሪ።

"አንተ ዝም ብለህ ተጫወት! የምትወድቀው ያንተ ልጅ አይደለችም።"

"እማዬ፣ በቃ! ጫማዬን አበሰበስሽው እኮ" ብላ ሳቀች ግላሻ።

እውነቷን ነው። እየዞረች ወዳልረጨሁት ወገን ስትሻገር፣ የጫማዋ ጫፍ በደረቁ ሳንቃ ላይ ትንንሽ እርጥብ ምልክት ይተው ነበር። እዚያው ደረቁ ላይ ቆመች። ፖርፊሪም ቫዮሊኑን አወረደ።

ምልክቱ ግን አልቆመም።

ከእርጥቡ ዳር አንድ ታተመ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከልጄ ጫማ ጠበብ ይላል። እየዞረ፣ ክቡን እያጠበበ ወደ እሷ መጣ።

"ግላሻ" አልኳት እንዳትደነግጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ቀስ ብለሽ ወደኔ ነይ።"

"ምን ሆንሽ እማዬ? ፊትሽ ነጣ።"

የመጨረሻው ምልክት ከጫማዋ ፊት ለፊት አረፈ። የግላሻ ቀኝ እጅ፣ አንድ ሰው ጣቶቿን እንደያዛቸው ሁሉ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ። እሷ እጇን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው።