የመጀመሪያው እስክሪብቶ

«እማ፣ መቼ ነው የሚበቃሽ?» አላት ልጇ ብሬት፣ ሻንጣውን አንግቦ ወርክሾፑ በር ላይ እንደቆመ። ግሌኒስ መፋቋን ቀጠለች። ከጥድ የምትሠራው የመጀመሪያ እስክሪብቶዋ ቶርኖው ላይ ይሽከረከር ነበር፤ ወደ ሆባርት ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ ሳይነሳ ጨርሳ በእጁ ልታስይዘው ቸኩላለች። «በዚህ ትጽፍልኛለህ» አለችው ቀና ሳትል። «አሁን እኮ ራሴ አነባለሁ፤ አንብቡልኝ ብዬ ጎረቤት አልለምንም።»

«እጽፋለሁ አልኩሽ። ሻካራም ቢሆን እንዳለ ስጪኝ።»

«ግሌኒስ፣ ስቴኪኒ ልታደርጊው ነው እንዴ?» አለ የእንጨት ሥራ አስተማሪዋ፣ ሽማግሌው ሜርቭ። «ተይው፣ ከሥሩ ቀለሙ የሚገባበት የነሐስ ቱቦ አለ። እንጨቱ ሳስቷል።»

«ትንሽ ብቻ» አለችና መሮውን በቀስታ አስጠጋች። የብሬትን ጣት እንዳይሻክረው ብላ ነበር። ቢጫው ፍቅፋቂ እጇ ላይ እየወረደ ሳለ መሮው በድንገት ጮኸ፤ ነሐሱ ብልጭ አለ፤ የቀረው እንጨት ተሰነጣጥቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሜርቭ ማሽኑን አጠፋው። ውጭ አውቶቡሱ ክላክስ አደረገ። ብሬት ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማትና «እደውልልሻለሁ፣ እማ» አላት። እሱ ሄደ፤ እሷ ሜርቭ አጠገብ ባዶውን ቱቦ እንደያዘች ቀረች።