ዓይናፋሩ ዓሣ

የመስታወት ገንዳው ሳሎን ሲገባ የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ጥግ ያዘ። መኪናው የአሮጊቷ ነው። በእሱ የሰው ልብስ እየሰፉ አንድ ልጃቸውን አሳድገው ድረዋል። ጉልበታቸው ሲደክም ደግሞ እሷው ዘንድ ተጠጉ፤ ሌላ መግቢያ የላቸውም።

«የባሕር ዓሣ ነው፣ እማዬ» አለች ልጃቸው፣ ድንጋዩ መሃል ያለውን ቀዳዳ እያሳየች። «በጣም ዓይናፋር ነው። ከደነገጠ ከውሃው ዘሎ ይወጣና ወለል ላይ ይሞታል።»

«ታዲያ የታለ?»

«ተደብቋል። ቤቱን እስኪለምድ አይወጣም። አማችሽ እንደ ነፍሱ ነው የሚወደው።»

አማችየው ሶኬቱን ሊሰካ ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ የተከለከለው ስፌቱ ነው። ፔዳሉ ወለሉን ያንቀጠቅጣል ተባለ። አሮጊቷ ከመኪናው እግር ሥር ብጣሽ ጨርቅ አነጠፉ፤ አልበቃም። ቀጥሎ ሬዲዮው ተዘጋ፣ ከዚያ ሊጠይቋቸው የሚመጡ የድሮ ደንበኞች ቀሩ። በመጨረሻ ሳል ተከለከለ። ሳል እንዴት ይከለከላል? እሳቸው ግን ሞከሩ፤ አፋቸውን በትራስ አፍነው ይስሉ ጀመር።

ዓሣው እንዳይዘልም ለገንዳው አፍ መረብ በእጃቸው ሰፉ። ጠርዙ ላይ ላስቲክ አስገቡበትና እንደ ሕፃን ቆብ ልክክ አለ። ዓሣው ግን አልወጣም። የሚጣልለት ምግብ ሰምጦ አሸዋው ላይ ይቀራል።

«ስላንቺ ስንቴ ተጣላሁት መሰለሽ» ትላለች ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች። «ወይ ዓሣው ወይ እናትሽ አለኝ እኮ! በሁለታችሁ መሃል አለቅኩ።»

አሮጊቷ አማቻቸውን ጠሉት። ሰላም ሲላቸው ግድግዳ ያያሉ። አንድ ቀን ሚስቱ ሳትኖር ቀረብ ብሎ፣ «ይስፉ እማማ፣ ግዴለም» አላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አሉ በልባቸው። ሲሰፉ ይዞ ሊያባርራቸው ነው! መኪናውን አልነኩም።

የልጃቸው ፊት ከቀን ወደ ቀን ሲጠቁር ግን አንጀታቸው አልቻለም። በአንድ ዓሣ ትዳሯ ሊፈርስ ነው።

«መጦሪያ ውሰጂኝ» አሉ አንድ ጠዋት።

ልጅቱ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። ከሰዓት በኋላ ባዶ አልጋ መኖሩን አረጋግጣ መጣች።

በሚሄዱበት ቀን አሮጊቷ ገንዳው ፊት ጎንበስ አሉ። ሊረግሙት ነበር፤ ለእንስሳ ቂም አይያዝም ብለው ተዉት።

«በል እንግዲህ ውጣ» አሉት ቀዳዳውን። «የሚያስደነግጥህ ሄደልህ።»

አማችየው የስፌት መኪናውን ታክሲው ላይ ጫነ። ሊስማቸው ሲል ፊታቸውን አዞሩበት። ልጃቸውን ግን አቅፈው መለየት አቃታቸው።

«በኔ የተነሣ ደግሞ እንዳትጣዪው» አሏት። «አንቺ የሚቻልሽን ሁሉ አድርገሻል።»

ታክሲው እስኪታጠፍ ድረስ ሁለቱም በር ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ። ሰውየው ቀና ማለት አልቻለም።

«አላልኩህም?» አለችው ሚስቱ እንባዋን ጠርጋ፤ «ዓሣውን እንኳ ሳንገዛ ሄደችልን።»