የምስጢር ጥያቄው መልስ

ለዓመታት የለፋበት የጨዋታ አካውንት ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ሰይፉ፣ ጋሻው፣ በውድድር ያሸነፈው ወርቃማ ፈረስ፣ ሁሉም ወደማያውቀው ሰው ተላልፏል። ሌባው ምንም አልሰበረም፤ የይለፍ ቃል እንደረሳ ሰው ስልክ ቁጥሩን አስገብቶ፣ የምስጢር ጥያቄውን በትክክል መልሶ ገባ። መልሱ የክርስትና ስሙ ነበር። ያጠመቁት ቄስ አርፈዋል። እናቱ ስልክ የምትነካው መዝሙር ለመስማት ነው። ስሙን ከሚያውቁት የቀረው ታናሽ ወንድሙ ያፌት ብቻ ነው።

ከሶፋው ላይ ጎትቶ አስነሳው።

«ለማን ሸጥከው?»

«ምኑን?»

«አትጃጃልብኝ። የገዛ ወንድምህን ትዘርፋለህ?»

«እመቤቴን፣ አልነካሁም።»

«በሌባ አፍህ ስሟን አትጥራ።» የያፌትን ቦርሳ ከነልብሱ በረንዳ ላይ ወረወረው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም።»

ያፌት ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

እናታቸው ስልኳን እንደያዘች ከጓዳ መጣች።

«እኔ ስማችሁን ለጸሎት እያስያዝኩ እናንተ ትናከሳላችሁ?»

«የት ነው ያስያዝሽው?»

«እዚህ ቴሌግራሙ ላይ ነዋ። አንድ መልካም ሰው ‹የልጆቻችሁን የክርስትና ስምና ስልክ ላኩልኝ፣ እጸልያለሁ› ይላል። ያንተን ለፈተና ስትቀመጥ ላክሁለት።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ይስጠው፣ ትጉህ ሰው ነው» አለች እናቱ። «አሁን ስትጮህበት ሰምቼ ብደነግጥ የያፌትንም ላክሁለት። ወዲያው አሜን ብሎ መለሰልኝ።»